አዲስ የሞስ ዝርያ ለይቶ መግለጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞስ መሰብሰብና መመርመር የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞስ ምንድን ነው? ከላይከን በምን ይለያል?

ሞስ ትንሽ ቢሆንም ሙሉ ተክል ነው። ግንድ አለው፣ ቅጠል አለው። ሥር ግን የለውም። ድንጋዩን ወይም አፈሩን የሚይዘው ራይዞይድ በሚባሉ ፀጉር መሰል ክሮች ነው። አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት በሚበተኑ ጥቃቅን የመራቢያ ህዋሶች ነው። ውሃ የሚጠጣው በአብዛኛው በመላ አካሉ ስለሆነ፣ ደርቆ የሞተ የመሰለው ሞስ ዝናብ ሲነካው ወዲያው ነፍስ ይዘራል።

በአነጋገራችን «የድንጋይ ሽበት»፣ «የዛፍ ሽበት» ስንል ብዙ ጊዜ ሞሱንም ላይከኑንም አንድ ላይ እንጠቀልላለን። ላይከን ግን ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ነው፤ ቅጠልም የለውም። በአጉሊ መነጽር ጠጋ ብለው ሲያዩት በቀጭን ግንድ ዙሪያ የተደረደሩ ትናንሽ ቅጠሎች ካሉት፣ የያዙት ሞስ ወይም የቅርብ ዘመዱ ሊቨርዎርት ነው። ቅጠላማ ሊቨርዎርት ቅጠሎቹ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ የተሰለፉ ናቸው፤ የመሃል ጅማትም የላቸውም። ብዙ ሞሶች ግን አላቸው።

«አዲስ ዝርያ» ሲባል ከዚህ በፊት ያልነበረ ማለት ነው?

አይደለም። ሞሱ እኛ ሳንኖር ጀምሮ እዚያው ድንጋይ ላይ ኖሮ ይሆናል። አዲስ የሚሆነው ለሳይንስ ነው፤ ማለትም ማንም እስካሁን ለይቶ፣ ገልጾ፣ በደንቡ (በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስያሜ ደንብ) መሠረት ስም አላወጣለትም።

ስለዚህ አዲስ ዝርያ ሜዳ ላይ አይገኝም ብል ማጋነን አይሆንም። ሜዳ ላይ የሚገኘው «ይሄ ምንድን ነው?» የሚያሰኝ ሞስ ነው። አዲስ መሆኑ የሚታወቀው ጠረጴዛ ላይ፣ ስም ካላቸው ዘመዶቹ ጋር አንድ በአንድ ሲተያይ ነው። ሥራው በአብዛኛው ማነጻጸር ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አሁንም ያልታወቁ ሞሶች አሉ?

አሉ። እስካሁን ስም ያላቸው የሞስ ዝርያዎች 12,000 ገደማ ናቸው፤ በየዓመቱም ይጨመርባቸዋል። ሞስ ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ ባለሙያዎቹም ጥቂት ናቸው። በተለይ ሞቃትና እርጥበታማ በሆኑ ተራራማ አገሮች ገና በቅጡ ያልታየ ብዙ አለ።

ሁሉም ደግሞ ጫካ ውስጥ አይደለም። በ2010 አበባ ባላቸው ተክሎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ከአዳዲስ ዝርያዎች መካከል በተሰበሰቡ በአምስት ዓመት ውስጥ የተገለጹት 16 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሩብ ለሚጠጉት መነሻ የሆነው ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ናሙና ነበር። ለሞስ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ መቆየት የበለጠ ያመቻል፤ በትንሽ ፖስታ ውስጥ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማስቀመጫ፣ ከጫካ የማያንስ የፍለጋ ቦታ ነው።

ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ለሜዳ 10 ወይም 20 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ስለት፣ የወረቀት ፖስታ፣ እርሳስና የቦታ መጠቆሚያ ያለው ስልክ ይበቃል። ለቤት ሥራ ደግሞ እስከ 400 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ የግድ ነው። ያለ እሱ ሞስን በዝርያ ደረጃ መለየት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። በማይክሮስኮፑ የዓይን መመልከቻ ውስጥ የመለኪያ መስመር መኖሩን ያረጋግጡ፤ መስመሩም ለእያንዳንዱ የማጉላት መጠን መስተካከል አለበት። ሳይስተካከል የተለካ ህዋስ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ሁለት ጫፋቸው የቀጠነ ወረንጦ፣ አዲስ ምላጭ፣ ስላይድ፣ ስስ የመስታወት ክዳንና ውሃ። ምላጩን ሳይሰስቱ ይቀይሩ። በደነዘዘ ምላጭ የተቆረጠ ቅጠል ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም።

እንዴት ልሰብስብ? ፖስታው ላይስ ምን ልጻፍ?

መጀመሪያ ፈቃድ። የመሬቱ ባለቤት፣ የጥብቅ ቦታው አስተዳደር፣ የአገሩ ሕግ ምን እንደሚል ይወቁ። የሕይወታዊ ሀብትን አጠቃቀምና የጥቅም መጋራትን የሚመለከተው የናጎያ ስምምነት በ2014 ከጸና ወዲህ ናሙና ከአገር አገር ሲሻገር ሰነድ የሚጠየቅበት ጊዜ በዝቷል። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ የማይቀበሉ መጽሔቶችም አሉ።

ሲያነሱ ጥቂት ይውሰዱ፤ አብዛኛውን እዚያው ይተዉ። የስፖር ከረጢት ያለበትን ክፍል ይምረጡ። በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት። ፕላስቲክ ያሻግተዋል። እንደ ሌላ ተክል አይጫኑት፤ አየር ላይ ይድረቅ። ሞስ ደግነቱ ይሄ ነው፦ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ በሞቀ ውሃ ሲያርሱት ቅጠሉ ተዘርግቶ እንደ ትናንቱ ይሆናል።

ፖስታው ላይ ቦታው፣ የቦታው መጋጠሚያ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና የስብስብ ቁጥር ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን ላይ እንደበቀለ። «ዛፍ ላይ» አይበቃም፤ ግንዱ ላይ ነው ቅርንጫፉ? ሕያው ነው የወደቀ? «ድንጋይ ላይ» ከሆነ ኖራ ድንጋይ ነው ወይስ ሌላ? ውሃ ይፈስበታል? ጥላ ነው ፀሐይ? አንድ ጊዜ «ኋላ እጽፈዋለሁ» ብዬ ያስቀመጥኳቸው ሦስት ፖስታዎች ነበሩኝ። ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ዛሬም ድረስ ምን እንደሆነ ያልለየሁት ሞስ አለ። ከየት እንዳነሳሁት ግን አላውቅም። ያ ናሙና ለማንም አይጠቅምም። እዚያው ቆመው ይጻፉ።

ማይክሮስኮፕ ስር ምን ምን ልመልከት?

ከቅጠሉ ይጀምሩ። ከግንዱ መካከል ያሉትን ቅጠሎች ይውሰዱ፤ ጫፉና እግሩ አካባቢ ያሉት ብዙ ጊዜ የተለዩ ናቸው። የቅጠሉን ቅርጽ፣ ርዝመትና ስፋት፣ ጠርዙ ጥርስ ያለው ወይም የታጠፈ መሆኑን፣ የመሃል ጅማቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ይመዝግቡ። ጅማቱ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል? ጫፉን አልፎ እንደ ፀጉር ይወጣል? ሞሱ ሲደርቅ ቅጠሎቹ ይጠመዘዛሉ ወይስ ግንዱ ላይ ይለጠፋሉ? ይህን ሞሱን ከማራስዎ በፊት ማየት አለብዎት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ቀጥሎ ህዋሶቹ። የአብዛኛው ሞስ ቅጠል ውፍረቱ አንድ ህዋስ ብቻ ስለሆነ፣ ብርሃን ያሳልፍና ህዋሶቹ እንደ ንብ ቀፎ ተደርድረው ይታያሉ። በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው የቅጠል ክፍል ያሉትን ለየብቻ ይለኩ። በቅጠሉ ታችኛ ማዕዘን ላይ ያሉት ህዋሶች ከሌላው ተለይተው ያበጡ ወይም ቀለም ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በህዋሱ ፊት ላይ ፓፒላ የሚባሉ ጉብታዎች መኖር አለመኖራቸው፣ ስንት እንደሆኑና ቅርጻቸው ትልቅ ነገር ነው። ለአንዳንድ የሞስ ቤተሰቦች (የሚዛመዱ ዝርያዎች ሰፊ ምድቦች) ደግሞ 2 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ያድርጉበት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ወይስ ቀላ የሚለው ራሱ መለያ ነው።

ከዚያ አግድም መቁረጥ። ይሄ ነው ጀማሪን የሚያስፈራው፤ ግን እጅ ይለምዳል። የራሰውን ግንድ ከነቅጠሉ ስላይድ ላይ ያጋድሙት። ውሃው በጣም አይብዛ፣ አለዚያ ይንሳፈፋል። በግራ እጅ ጣት ጥፍር ያዝ አድርገው፣ ጥፍሩን በጣም በጥቂቱ ወደ ኋላ እየሳቡ በምላጩ ቶሎ ቶሎ ይክተፉት። ሃያ ቢቆርጡ ሦስት ጥሩ ይወጣል፤ ሦስቱ ይበቃሉ። በጅማቱ ውስጥ ምን ዓይነት ህዋሶች በስንት ረድፍ እንዳሉ የሚታየው በዚህ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ የስፖር ከረጢቱ። ቆቡ፣ ክዳኑ፣ ከረጢቱን የተሸከመው ዘንግ ርዝመት፣ የስፖሩ መጠንና ገጽታ ይመዝገቡ። ክዳኑ ሲወድቅ በአፉ ዙሪያ የሚታዩት ጥርሶች ፔሪስቶም ይባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ 16 ናቸው፤ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ። ቴትራፊስ አራት ብቻ አሉት፤ ፖሊትሪከም 64 ሊኖሩት ይችላሉ፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ክዳኑ የወደቀለትን የደረቀ ከረጢት በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ እፍ ሳይሆን ሃ ብለው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይስጡት። በብዙ ሞሶች ጥርሶቹ በእርጥበቱ ወዲያው ይንቀሳቀሳሉ፤ ትንሽ ቆይተው ሲደርቁ ይመለሳሉ። እኔ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፣ ዛሬም አይሰለቸኝም።

የስፖር ከረጢት ከሌለውስ?

ይቻላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሞሶች ወንዱና ሴቷ በተለያየ ግንድ ላይ ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ ያለ ስፖር ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ከቅጠል ስብርባሪ ወይም ለመራቢያ ከተዘጋጁ ትናንሽ ቁራጮች ይበቅላሉ። የእነዚህ ቁራጮች ቅርጽ ራሱ ዝርያ የሚለይበት ጊዜ አለ።

ከረጢት አለመኖር ምን ያህል እንደሚያሳስት ታካኪያ የተባለው ተክል ይመሰክራል። አንዱ ዝርያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሂማላያ ሲገለጽ የተቆጠረው ከሊቨርዎርት ነበር። ጂነሱ (የቅርብ ዝርያዎችን የያዘው ምድብ) ራሱ በ1958 ከጃፓን ሲሰየምም እዚያው ሊቨርዎርት ውስጥ ገባ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአላስካ አቅራቢያ ባሉት አሉሺያን ደሴቶች የስፖር ከረጢቱ ተገኘ። ያኔ ሞስ መሆኑ ታወቀ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ያላቸውን ሁሉ አይተዋል፤ የጎደላቸው አንድ አካል ነበር።

መለያ ቁልፉን ብከተል የትም አላደረሰኝም። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ከዚህ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ቁልፉ (በተከታታይ ጥያቄ እየመራ ስም ላይ የሚያደርሰው ዝርዝር) የተሠራው ለየትኛው አካባቢ ነው? ሞሱ በሌላ አህጉር የታወቀ ሆኖ እዚህ ገና ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ያ ራሱ ጥሩ ግኝት ነው፤ ግን አዲስ ዝርያ አይደለም። የሞስ ስፖር በነፋስ ሩቅ ይሄዳል። ብራዩም አርጀንቴየም የተባለው ብርማ ሞስ በሁሉም አህጉር አለ።

ሁለተኛው ነገር የመኖሪያው ተጽዕኖ ነው። አንድ ዓይነት ሞስ ጥላ ውስጥ ረዝሞና ሳስቶ፣ ፀሐይ ላይ አጥሮና ተጠቅጥቆ ይበቅላል። ውሃ ውስጥ ከገባ ጭራሽ ሌላ ይመስላል። የተለየው መጠኑና ቀለሙ ብቻ ከሆነ ይጠራጠሩ። ሞሱ ካለበት ተነስቶ ከቅርብ ዘመዱ ጋር በአንድ ዓይነት ብርሃንና እርጥበት ሲበቅል ልዩነቱ ከጠፋ፣ ልዩነቱ የቦታው ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛውና በጣም የሚያሳስተው ድብልቅ ነው። ከአንድ ጉቶ ላይ ባነሱት ጭብጥ ውስጥ ሦስት ዝርያ ተጠላልፎ ሊኖር ይችላል። አንድ ጊዜ ቅጠሉ ከአንድ ቤተሰብ፣ ከረጢቱ ከሌላ ቤተሰብ የሆነ «ልዩ» ሞስ ይዤ ሁለት ቀን አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ዘንጉን በወረንጦ ይዤ እስከ ታች ተከተልኩት። የወጣው ከሌላ ግንድ ነበር፤ በጣም ትንሽ፣ በትልቁ ሥር የተደበቀ። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱና ቅጠሉ አንድ ግንድ ላይ መሆናቸውን ሳላይ አንድ መስመር አልጽፍም።

ምን ያህል ቢለያይ ነው «ሌላ ዝርያ» የሚባለው?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ባለሙያዎችም በዚህ ይከራከራሉ። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ቢያንስ ሁለት ሦስት የማይገናኙ ምልክቶች ሁልጊዜ አብረው ይመጣሉ? ለምሳሌ የፓፒላው ቅርጽ፣ የጅማቱ የውስጥ አሠራርና የስፖሩ መጠን። እነዚህ ሦስቱ በየናሙናው አብረው ከተገኙ፣ መካከለኛ የሚባል ናሙናም ከጠፋ፣ ጉዳዩ ጠንካራ ነው። «ቅጠሉ ትንሽ ረዘም ይላል» ግን ዝርያ አያቆምም።

ይህን ለማለት ብዙ መለካት ያስፈልጋል፤ ከአንድ ግንድ ሳይሆን ከብዙ ግንድ፣ ከተቻለም ከብዙ ቦታ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ትንሹንና ትልቁንም ይጻፉ።

ዲኤንኤ ማሠራት ግዴታ ነው?

የስያሜው ደንብ አይጠይቅም። በቅርጽ ብቻ ተገልጸው የጸኑ ስሞች ዛሬም ይወጣሉ። ግን ካለ በጣም ይረዳል፤ በተለይ ሞሱ የየትኛው ጂነስ እንደሆነ ሲያጠራጥር። ዲኤንኤው ከደረቀ ናሙናም ሊወጣ ይችላል።

ስፋግነም ማጀላኒከም የተባለው ቀይ የረግረግ ሞስ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስሙ በ1798 የወጣለት ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ከማጄላን አካባቢ በመጣ ናሙና ነው። ለረጅም ጊዜ በሰሜኑ ዓለም ያለውም ያው ነው ተብሎ ታመነ። በ2018 የወጣ ጥናት ዲኤንኤውንና ቅርጹን አብሮ ሲያይ የሰሜኑ ሁለት ዝርያ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ስፋግነም ዲቪነም ተብሎ አዲስ ስም ወጣለት። ለሌላው ግን አዲስ ስም አላስፈለገም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣለትና የተተወው ስፋግነም ሚዲየም የሚለው ስም ተነሥቶ ተሰጠው።

ዲኤንኤ ብቻውን ግን ሰነፍ ያደርጋል። ዘር ሐረጉ የተለየ ሆኖ በማይክሮስኮፕ አንድም ልዩነት ካልተገኘ፣ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመልሶ እንደገና መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ የታለፈ ነገር ይገኛል።

ሆሎታይፕ የሚባለው ምንድን ነው? ፎቶ አይበቃም?

ሆሎታይፕ ስሙ የታሰረበት አንድ ናሙና ነው። ወደፊት «ይህ ስም የየትኛው ሞስ ነው?» የሚል ክርክር ሲነሣ የሚታየው ጽሑፉ ሳይሆን ያ ፖስታ ነው። ከ1958 ወዲህ ታይፕ (ስሙ የታሰረበት ናሙና) ያልተጠቀሰለት አዲስ የዝርያ ስም አይጸናም። ከ1990 ወዲህ ደግሞ በየትኛው ሄርባሪየም እንደተቀመጠ መጻፍ አለበት። ከዚያው ስብስብ የተከፈሉ ተጨማሪ ክፍሎች አይሶታይፕ ይባላሉ፤ ለሌሎች ሄርባሪየሞች ይላካሉ። መላኩ ጥሩ ነው። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

ፎቶ ለሞስ ታይፕ መሆን አይችልም። ፎቶ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ማየት የሚፈልገውን ጉብታም አያሳይም። ለማሳያነት ግን ከነመለኪያ መስመሩ ብዙ ፎቶ ያንሱ። ሥዕልም ቢጨምሩ እወዳለሁ፤ የሚሥል ሰው ፎቶ ከሚያነሳው የበለጠ ያያል።

ገለጻው ውስጥ ምን ይግባ? በላቲን ነው የሚጻፈው?

ከ1935 እስከ 2011 የተክል አዲስ ዝርያ በላቲን ካልተገለጸ ስሙ አይጸናም ነበር። ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ በእንግሊዝኛም ይቻላል። ሌላ ቋንቋ ብቻውን አይበቃም፤ ግን ተጨማሪ አድርጎ ማስገባት አይከለከልም።

ሁለት ነገር አይምታታብዎ። አንዱ መለያው ነው፤ ይህ ሞስ ከቅርብ ዘመዶቹ በምን እንደሚለይ የሚናገር አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሌላው ሙሉ ገለጻው ነው፤ ከግንዱ እስከ ስፖሩ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚዘረዝር። ለደንቡ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ለአንባቢው ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ቢጻፍ የምመኘው የመጀመሪያው ነው። «ጠርዙ ጥርስ አለው» ማለት ብቻ ምንም አይጠቅምም፤ ዘመዱም ካለው። «ከዘመዱ የሚለየው ጥርሱ እስከ ቅጠሉ እግር መውረዱ ነው» ቢባል ግን ሰው ይዞት ሜዳ ይወጣል።

ከዚህ ሌላ መኖሪያው፣ የታዩት ናሙናዎች ዝርዝር፣ የስሙ ትርጉምና ዝርያው አደጋ ላይ ስለመሆን አለመሆኑ ይጻፋል። ከተቻለ ከዘመዶቹ የሚለይበት መለያ ቁልፍ ይጨመር።

ስሙን ማን ያወጣል? በራሴ ስም ልጠራው እችላለሁ?

ስሙን የሚያወጣው ገልጾ ያሳተመው ሰው ነው። በራስ ስም መሰየምን ደንቡ ባይከለክልም ነውር ነው፤ ማንም አያደርገውም። በሰብሳቢው፣ በቦታው፣ በመልኩ ወይም በአኗኗሩ መሰየም የተለመደ ነው። ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ሁለተኛ ስሙን ያገኘው ዘንጉ በእርጥበት ስለሚጠመዘዝና ስለሚፈታ ነው። እንዲህ ያለ ስም ራሱ መለያ ይሆናል።

ስሙ የላቲን ሰዋስው መከተል አለበት። ብርማ የሚለው ቃል ከብራዩም ጋር አርጀንቴየም ይሆናል፤ የጂነሱ ስም በሴት አንቀጽ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ አርጀንቴያ በተባለ ነበር። በዚያው ጂነስ ውስጥ ስሙ ቀድሞ ተይዞ እንደሆነም ይፈትሹ። በሚዙሪ የዕፅዋት ጥበቃ ሥፍራ የሚተዳደረው ትሮፒኮስ የተባለ የመረጃ ቋት ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።

ስሙ የሚጸናው መቼ ነው?

በደንቡ መሠረት ሲታተም ነው። በማኅበራዊ ገጽ መለጠፍ፣ በጉባኤ መናገር፣ ፖስታው ላይ «አዲስ ዝርያ» ብሎ መጻፍ አይቆጠርም። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ስምም አብዛኛውን ጊዜ አይጸናም። ከ2012 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የኅትመት መለያ ቁጥር ባለው መጽሔት ወይም መጽሐፍ በፒዲኤፍ መውጣት በቂ ነው። ዘ ብራዮሎጂስት፣ ጆርናል ኦቭ ብራዮሎጂ፣ ፋይቶታክሳ ይህን የሚያትሙ መጽሔቶች ናቸው።

ስሙ ከመታተሙ በፊት አያሰራጩት። ያለ ገለጻ የተሰራጨ ስም ባዶ ስም ሆኖ መዝገቡን ያምታታል።

ሌላ ሰው ቀድሞ ስም ሰጥቶት ቢገኝስ?

ያኔ የቀደመው ስም ይገዛል፤ የእርስዎ ስም ለዚያው ዝርያ የተሰጠ ትርፍ ስም ሆኖ ይመዘገባል። የቀዳሚነቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከጥር 1 ቀን 1801 ነው፤ የዮሐንስ ሄድዊግ የሞስ መጽሐፍ ከወጣበት። ሄድዊግ በ1799 ስለሞተ መጽሐፉን አላየውም። ለስፋግነም ብቻ ቆጠራው ከሊኒየስ የዕፅዋት መጽሐፍ፣ ከ1753 ይጀምራል።

ይህ ስጋት የምር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሌላ አህጉር የመጣ ሞስ ሁሉ አዲስ ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተሳሰብ ነበር። ካርል ሙለር የተባለው በጀርመን የሃለ ከተማ ሰው ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ ስሞችን አውጥቷል፤ ብዙዎቹ ኋላ ላይ ከሌላ ዝርያ ጋር አንድ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ የአሁኑን ትክክለኛ ስም ብቻ አይዩ። የተጣሉትንም ስሞች፣ በተለይ ከዚያ አካባቢ የወጡትን፣ ታይፓቸውን አስመጥተው ወይም ሄደው ይዩ። የብዙዎቹ ምስል ዛሬ በኢንተርኔት አለ። አድካሚ ነው፤ የአንድ ዝርያ ሥራ ዓመታት የሚፈጀውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ያልታየ ታይፕ ካለ «አዲስ ነው» ለማለት ድፍረት እንጂ ማስረጃ የለም።

የተገኘበትን ትክክለኛ ቦታ ልጻፍ? ሰው ሄዶ ቢጨርሰውስ?

አንድ ድንጋይ ላይ ብቻ የሚታወቅ ሞስ በጥቂት ሰብሳቢዎች ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መጋጠሚያውን በጽሑፉ ውስጥ አደብዝዞ፣ ሙሉውን ለሄርባሪየሙና ለጥበቃ ኃላፊዎች መስጠት ያስኬዳል። ጭራሽ መደበቅ ግን አልደግፍም። ቦታው ካልታወቀ መንገድ ሲወጣበት ወይም ድንጋዩ ለግንባታ ሲፈለጥ የሚናገርለት አይኖርም።

ያለኝ ናሙና አንድ ብቻ ቢሆንስ?

ደንቡ አይከለክልም። ከአንድ ስብስብ ብቻ የተገለጹ ሞሶች ብዙ ናቸው። ግን መጀመሪያ ወደ ቦታው ይመለሱ፤ በሌላ ወቅት፣ ከረጢት በሚያወጣበት ጊዜ። ተመሳሳይ መኖሪያ ያላቸውን ጎረቤት ቦታዎችም ይዩ። ካልተቻለና ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ ይግለጹት። ልዩነቱ በመጠን ብቻ ከሆነ ግን ፖስታውን በሚገባ ጽፈው ለሄርባሪየሙ ያስረክቡና ይጠብቁ።

አንድ ናሙና ሲሆን የሚከብደው እየመረመሩ ናሙናውን ራሱን አለመጨረስ ነው። ለቅጠል፣ ለመቁረጫ፣ ለዲኤንኤ እየተባለ ይመነመናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ይከፋፍሉት። የቆረጡትን ስላይድ አይጣሉት፤ የደረቀውን ቁራጭ በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ቁጥሩን ጽፈውበት እዚያው ፖስታ ውስጥ ይመልሱት። ከረጢት ካላቸው ግንዶች ቢያንስ ሁለቱን ምላጭ ሳይነካቸው ለሚቀጥለው ሰው ይተዉ።